የካምቢዮ ዘይት ቱቦ ሲያፈስ ቱቦው ይጠገን እንጂ ካምቢዮው አይሙት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በጅማ ከተማ በመኪና ጥገና የምንተዳደር ባለሙያዎች ነን። ጉዳያችን አንድ ነው። ዕድሜ በጠገቡ አውቶማቲክ መኪኖች ላይ ከካምቢዮ ወደ ራዲያተር የሚሄዱት ሁለት ቀጫጭን የዘይት ቱቦዎች ማፍሰስ ሲጀምሩ በከተማችን የሚደረግላቸው ጥገና ብዙ ጊዜ ትክክል አይደለም። ቱቦው በግማሽ ቀን ሥራ የሚድን ነው። ቸል ሲባል ወይም ባልሆነ ነገር ሲጠጋገን ግን ካምቢዮውን ይገድላል፤ ካምቢዮ ማስጠገን ምን እንደሚያስወጣ ደግሞ የደረሰበት ያውቀዋል።

«አሮጌውን ሽጠህ አዲስ ግዛ» የሚለው ምክር ዛሬ ለአብዛኛው ባለመኪና ምክር አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። እንግዲህ ዛሬ በጅማና በአጋሮ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ መካከል የሚመላለሱት አሮጌ ቪትዞች፣ ራቭ ፎሮችና ላንድክሩዘሮች ገና ብዙ ዓመት ያገለግሉናል ማለት ነው። ካምቢዮአቸውን ማዳን የሁላችንም ጉዳይ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ቱቦው ለምን ይህን ያህል እንደሚያሳስበን ለመረዳት ሥራውን ማወቅ ይበጃል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ያለው ዘይት ማለስለሻ ብቻ አይደለም። የሞተሩን ጉልበት በቶርክ ኮንቨርተር በኩል የሚያሻግረው፣ ፍሪሲዮኖቹንም፣ ማለትም ጉልበት የሚያስተላልፉትን ልባስ ያላቸው ሰሌዳዎች፣ በግፊት አጣብቆ የሚይዘው እሱው ነው። ይህን ሲሠራ ይግላል። የጋለው ዘይት በአንደኛው ቱቦ ወጥቶ በራዲያተሩ ታንከር ውስጥ ባለች ትንሽ ማቀዝቀዣ ያልፍና በሁለተኛው ቱቦ ይመለሳል። በደህና ካምቢዮ ላይ ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እየሠራ እንኳ በ20 ሰከንድ አንድ ሊትር ያህል ዘይት በዚህ መስመር ይዞራል። የካምቢዮው ጠቅላላ ዘይት ደግሞ እንደ መኪናው መጠን ከ6 እስከ 10 ሊትር ገደማ ነው። ቱቦው ሙሉ በሙሉ ከተበጠሰ ካምቢዮው በሁለትና በሦስት ደቂቃ ውስጥ ባዶውን ይቀራል። «ትንሽ ትንሽ ነው የሚያንጠባጥበው፣ እየጨመርኩ እነዳለሁ» ማለት አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ያረጀ ጎማ ቱቦ ዛሬ ያንጠባጥባል፤ ነገ ከጊቤ ወንዝ ወደ ወልቂጤ ዳገቱን ሲወጣ፣ ዘይቱ በጣም በጋለበት ሰዓት፣ ከነክላምፑ ተፈንቅሎ ይወጣል።

ዘይት ሲጎድል ፓምፑ አየር ይስባል፤ ዘይቱ አረፋ ይሆናል፤ ግፊት ይወርዳል። ማርሽ ወደ ዲ ሲገባ መኪናው ዘግይቶ ይይዛል። ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይሄድም። ይህ ምልክት በታየ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ፍሪሲዮኖቹ ይቃጠላሉ። መኪናው በጊዜው ቢቆም ኖሮ ቱቦ ቀይሮ ዘይት ሞልቶ መሄድ ይቻል ነበር። ሌላም ስጋት አለ፤ የካምቢዮ ዘይት የጋለ የጭስ ማውጫ ላይ ከፈሰሰ ሊቀጣጠል ይችላል።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። ከመኪና ሥር ዘይት ሲታይ መጀመሪያ የማን ዘይት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። የካምቢዮ ዘይት አዲስ ሲሆን ቀይ ነው፤ ሲያረጅ ወደ ቡናማ ይሄዳል፤ ከተቃጠለ ይጠቁራል፤ ሽታውም ያረረ ነገር ሽታ ነው። ሞተር ዘይት በእጅ ሲነካ ይወፍራል፤ ብዙውን ጊዜም ጥቁር ነው። የሚያሳስተው መሪ ዘይት ነው፤ ብዙ መኪኖች ለመሪውም ያንኑ ቀይ ዘይት ስለሚጠቀሙ። ስለዚህ በቀለም ብቻ አይፈረድም። ሁለቱም መለኪያ ይታያል፤ የጎደለው የትኛው እንደሆነ ይለያል።

ሁለተኛው ስህተት ዘይቱ የተጠራቀመበትን ቦታ የሚያፈስበት ቦታ ነው ብሎ ማሰብ ነው። መኪና ሲሄድ ነፋስ ዘይቱን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ከራዲያተሩ አጠገብ የፈሰሰ ዘይት የካምቢዮው ገንዳ ላይ ተለጥፎ ይገኛል። ከዚያ «ጓርኒሲዮኑ (የገንዳው መግጠሚያ ማሸጊያ) ነው» ተብሎ ገንዳው ይፈታል፣ ጓርኒሲዮን ይቀየራል፣ ማፍሰሱ ግን አይቆምም። ትክክለኛው መንገድ ጭቃውንና ዘይቱን በነጭ ጋዝ ወይም በዘይት ማጠቢያ አጥቦ፣ በውኃ አለቅልቆ፣ በአየር ማድረቅ ነው። ነጭ ጋዝ የሚነካው ሞተሩ ከበረደ በኋላ ብቻ ነው። ከዚያ ሥሩ ካርቶን ተነጥፎ ሞተሩ በሚኒሞ እስኪሞቅ ይሠራል። ምርመራው ከፊት ወደ ኋላ፣ ከላይ ወደ ታች ይሄዳል። ዘይቱ በስሱ የሚያልብ ከሆነ የተፈጨ ጠመኔ ወይም የሕፃናት ፓውደር ቱቦው ላይ ይነሰነሳል፤ የሚያፈስበት ቦታ ረጥቦ መስመር ያወጣል።

የሚያፈሱት ቦታዎች የታወቁ ናቸው። በብዛት የሚያፈሰው ብረቱ ቱቦ ከራዲያተር ጋር የሚገናኝበት አጭር የጎማ ቱቦ ነው። ጎማው በሙቀት ይደርቃል፣ ጫፉ ይሰነጠቃል፣ ክላምፑም መያዝ ያቆማል። ቀጥሎ ብረቱ ራሱ ነው። በጅማ ዝናብ ረጅም ነው፤ ቀይ ጭቃው በቱቦ መያዣዎቹ ውስጥ ይገባና ለሳምንታት እርጥበት ይዞ ይቀመጣል። ቱቦው ከላይ ሲያዩት ደህና መስሎ መያዣው ሲከፈት ከሥሩ እንደ ወንፊት ተበሳስቶ ይገኛል። መያዣው የጠፋ ከሆነ ደግሞ ቱቦው ከሻንሲ ወይም ከሞተር ጋር እየተፋተገ ይሳሳል። ሦስተኛው ካምቢዮው ላይ የሚታሰረው ቦታ ነው፤ እንደ መኪናው ዓይነት ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) ወይም የመዳብ ሮንዴላ (ጠፍጣፋ ቀለበት) ወይም የቱቦው የተፈለረ፣ ማለትም በመሣሪያ እንደ ጥሩንባ የተከፈተ፣ አፍ ያረጃል። አንድ ነገር መታከል አለበት። የሞተር ወይም የካምቢዮ መቀመጫ ጎማ ያለቀበት መኪና ማርሽ ሲገባ ሞተሩ ይንገላታል፤ በተንገላታ ቁጥርም ቱቦውን ይጎትታል። እንዲህ ያለ መኪና ላይ ቱቦ ብቻ ከተቀየረ በጥቂት ወር ውስጥ ያው ቦታ ተመልሶ ያፈሳል።

የጎማውን ክፍል መቀየር ቀላሉ ሥራ ነው፤ ቢሆንም ስህተት የሚበዛው እዚሁ ላይ ነው። በከተማችን እጅ ላይ የተገኘው ቱቦ ሁሉ ይገባል። የውኃ ማኒኮቶ (የራዲያተር ውኃ ማስተላለፊያ) ጎማ ለዘይት አልተሠራም፤ የካምቢዮ ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከውስጥ እየተላጠም መስመሩን ይዘጋል። ውስጡ የሚታይ ፕላስቲክ ቱቦ በሙቀቱ ይለሰልስና ከቦታው ይሾልካል። የነዳጅ ጎማ ቱቦ ከሁለቱ ይሻላል፤ ለጊዜው ጋራዥ ያደርሳል። ለዓመታት የጋለ ዘይት እንዲሸከም ግን አይደለም የተሠራው፤ ይደርቅና ይሰነጠቃል። የሚፈለገው «የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ቱቦ» ተብሎ የተሠራው ነው። በላዩ ላይ ብዙውን ጊዜ ኤስ.ኤ.ኢ. ጄ 1532 የሚል መለያ ታትሞበታል። እሱ ከጠፋ ጫፉ በማሽን የሚጨመቅ የሃይድሮሊክ ቱቦ ይሆናል። የተለመደው የሃይድሮሊክ ቱቦ የሚችለው ሙቀት 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሆነ ከጭስ ማውጫ መራቅ አለበት።

መጠኑም ዋና ነገር ነው። የብረት ቱቦው ውጪያዊ ስፋት በአብዛኛው 8 ሚሊ ሜትር ወይም 9.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጎማው ከዚያ ጋር እኩል የውስጥ ስፋት ሊኖረው ይገባል። 10 ሚሊ ሜትር ጎማ 8 ሚሊ ሜትር ብረት ላይ አስገብቶ በክላምፕ መጨፍለቅ ጎማውን ያጣጥፈዋል፤ ዘይቱ በእጥፋቱ ይወጣል።

ሥራው የሚጀመረው ሞተሩና ጭስ ማውጫው ሲቀዘቅዝ ነው። መኪናው በክሪክ ከተነሳ በኋላ በጠንካራ ድጋፍ ላይ ይቀመጣል፤ በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር ማንም አይግባ። የመኪናው ጎማዎች አስቀድመው በታኮ ይያዛሉ። ከሥር ንጹሕ ዕቃ ይቀመጣል፤ የሚፈሰው ዘይት በአብዛኛው ከአንድ ሊትር አይበልጥም። ንጹሕ ዕቃ ያልነው የወጣውን ዘይት ለመለካት ነው፤ መጨረሻ ላይ ምን ያህል መመለስ እንዳለበት ይነግራል። የትኛው ቱቦ የትኛው ቦታ እንደነበረ በቀለም ወይም በፕላስተር ምልክት ይደረግበታል።

አሮጌው ጎማ በኃይል አይጎተትም። የራዲያተሩ አፍ፣ በተለይ ታንከሩ ፕላስቲክ በሆነው ላይ፣ በቀላሉ ይሰበራል። መጀመሪያ ጎማው በቦታው እንዲዞር ይደረጋል፤ ካልዞረ በቢላ በቁመቱ ይሰነጠቃል። ቢላው ብረቱን እንዳይጭር ጥንቃቄ ያሻል፤ በብረቱ ላይ በቁመት የሄደ ጭረት ኋላ የዘይት መውጫ ቦይ ይሆናል። ከዚያ ብረቱ በስስ ብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን፣ በቁመት ሳይሆን በአግድም፣ ይጸዳል። ጫፉ ላይ ጉብታ መኖሩ ይታያል። ጎማውን ከመሾለክ የሚያግደው ያ ጉብታ ነው።

አዲሱ ጎማ በስለታም ቢላ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጣል፤ በየጫፉ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ብረቱ ላይ እንዲገባ ታስቦ ነው የሚለካው። ማስገቢያው ንጹሕ የካምቢዮ ዘይት ብቻ ይሁን። ግራሶ ወይም ሳሙና አይቀባም። ክላምፑ ከጉብታው ወዲህ፣ በጉብታውና በጎማው ጫፍ መካከል ይቀመጣል። ጉብታው ላይ ከተቀመጠ ጎማውን ይቆርጠዋል። ዙሪያውን ቀዳዳ ያለው ተራ ክላምፕም በቀዳዳዎቹ ጠርዝ ጎማውን ይበላዋል፤ ውስጡ ለስላሳ የሆነው ይመረጣል። ከፋብሪካ የመጣው ባለ ስፕሪንግ ክላምፕ ካልላላ እሱን መመለስ ጥሩ ነው፤ ጎማው ሲሞቅና ሲበርድ አብሮ ይሰፋል፣ አብሮ ይጠባል።

የብረቱ ቱቦ ከተበሳ ሥራው ከበድ ይላል። መጀመሪያ የማይሆነውን እንናገር። በማጣበቂያ መለጠፍ፣ በጎማ ጠቅልሎ በሽቦ ማሰር፣ በሳሙና መድፈን ዘይት በነካው ብረት ላይ አይዝም፤ ግፊትም ሙቀትም ያላቅቀዋል። መኪናው ላይ እንዳለ መበየድም አይገባም። ቱቦው ስስ ነው፣ ውስጡ ዘይት አለ፤ ከብየዳው የሚረግፈው ቅርፊትም መስመሩ ውስጥ ይቀራል። የፍሪጅ መዳብ ቱቦ መጠቀም በጅማ ተለምዷል፤ ለማጠፍ ስለሚቀል ነው። መዳብ ግን በንዝረት ይጠነክርና ይሰነጠቃል፣ አብዛኛውን ጊዜ አፉ ከተፈለረበት ቦታ አጠገብ። አንዳንዱ ደግሞ የፍሬን ቱቦ ይዘረጋል። የተለመደው የፍሬን ቱቦ ውጪያዊ ስፋቱ 4.75 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዘይቱ የሚያልፍበት ቀዳዳ ከ8 ሚሊ ሜትሩ ሩብ ያህል ብቻ ነው። ማፍሰሱ ይቆማል፣ ካምቢዮው ግን ሳይታወቅ በሙቀትና በማለስለሻ እጥረት ያልቃል። ይህኛው ከሁሉ የከፋ ነው፤ ባለቤቱ መኪናዬ ተሠራልኝ ብሎ ይሄዳልና።

ትክክለኛው ተመሳሳይ ስፋት ያለው የብረት ቱቦ ወይም የኒኬልና መዳብ ቅይጥ ቱቦ ነው። የተበላው ክፍል አጭር ከሆነ ሁሉን መቀየር አያስፈልግም። ዝገት ያልነካው ጤነኛ ብረት እስኪገኝ ወደ ኋላ ተኬዶ ይቆረጣል። የሚቆረጠው በሚዞር ቱቦ መቁረጫ ነው። በብረት መጋዝ የተቆረጠ ቱቦ ደቃቅ ብረት ወደ ውስጥ ይጥላል፤ ከማቀዝቀዣ የሚመለሰው ዘይት ደግሞ በብዙ ካምቢዮዎች በቀጥታ ወደ ቡሽና ኩሽኔታ ማለስለሻ የሚሄድ እንጂ መጀመሪያ በፊልትሮ የሚያልፍ አይደለም። ከቆረጡ በኋላ የውስጡ ስለት ይላጋል፤ ቱቦው በነጭ ጋዝ ታጥቦ በአየር ይነፋል።

ጫፉን መፍለር ሙያ ይጠይቃል። ዳዶው ቀድሞ ቱቦው ላይ መግባቱን ማረጋገጥ፤ ይህ ተረስቶ ሥራው እንደገና የሚጀመርበት ጊዜ ብዙ ነው። ቱቦው በመያዣው ብረት ላይ የሚወጣው ከመፍለሪያው መሣሪያ ጋር ከሚመጣው፣ አፉን ወደ ውስጥ ከሚያጥፈው ቁራጭ እርከን ውፍረት ጋር እኩል ተደርጎ ነው። መጀመሪያ በቁራጩ ተጭኖ አፉ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ቀጥሎ በሾጣጣው 45 ዲግሪ ይከፈታል። ይህ ድርብ ፍሌር ነው። ነጠላው ፍሌር በብረት ቱቦ ላይ ይሰነጠቃል። የተሠራው አፍ በብርሃን ይታይ፤ ስንጥቅ ወይም ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ከሆነ ተቆርጦ እንደገና ይሠራል።

ሁለት ብረት በአጭር ጎማ ለማገናኘት ሲፈለግ ይኸው መሣሪያ ይጠቅማል። የድርብ ፍሌሩ የመጀመሪያ ደረጃ ብቻ ይሠራና ይቆማል፤ ጫፉ ላይ ክብ ጉብታ ይወጣል። ለጎማው መያዣ የሚሆን ጉብታ ከዚህ የተሻለ በጋራዥ ማግኘት አይቻልም። ጉብታ በሌለው ለስላሳ ብረት ላይ የገባ ጎማ ክላምፑ የቱንም ያህል ቢጠብቅ አንድ ቀን ይወጣል። በብረቶቹ ጫፎች መካከል ያለው ክፍተት አነስተኛ ይሁን፤ ረጅም ጎማ ይንቀጠቀጣል፣ ይፋተጋል። ቀለበት ውስጡ ያለው የመጭመቂያ ማገናኛም አለ። ቀጥ ባለ ቦታ፣ ከሁለቱም ወገን ቱቦው በመያዣ ከታሰረ፣ ለዚህ ግፊት ይሆናል። ለፍሬን ግን በጭራሽ አይደረግም፤ የካምቢዮ መስመር ግፊት ከፍሬን ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ካምቢዮውና ራዲያተሩ ላይ ያሉት ዳዶዎች ሁልጊዜ በሁለት ቁልፍ ይፈታሉ። አንዱ ማገናኛውን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ ሌላው ዳዶውን ያዞራል። በአንድ ቁልፍ ብቻ ሲታገሉት ማገናኛው አብሮ ይዞርና ራዲያተሩ ውስጥ ያለውን ማቀዝቀዣ ይጠመዝዘዋል፤ ያኔ ዘይትና ውኃ ይቀላቀላሉ። የዛገ ዳዶ የዝገት ማላቀቂያ ተረጭቶበት ጊዜ ይሰጠው። ዳዶውን በፒንሳ መያዝ ማዕዘኑን ይገድላል። ሲመለስ መጀመሪያ በእጅ ብዙ ዙር ይግባ፤ ከካምቢዮው የአሉሚኒየም አካል ጋር የሚገናኝ ጥርስ አንዴ ከተበላ ቀላሉ ሥራ ከባድ ሆነ ማለት ነው። የተፈለረ አፍም ሆነ ኦሪንግ ባለው ቦታ ነጭ የቧንቧ ቴፕ አይጠቀለልም። ዘይቱን የሚይዘው ጥርሱ ሳይሆን ሁለቱ ፊቶች ናቸው፤ የቴፑ ብጣሽ ደግሞ ወደ ካምቢዮው ቫልቮች ይሄዳል። ኦሪንግና ሮንዴላ ሁልጊዜ በአዲስ ይተካሉ።

አዲሱ ቱቦ በአሮጌው መንገድ ይሂድ፣ በየመያዣው ይታሰር፤ በመያዣና በቱቦ መካከል ጎማ ይግባ። በሽቦ የታሰረ ቱቦን ሽቦው ራሱ እንደ መጋዝ ይቆርጠዋል።

መንገድ ላይ ሲበጠስስ? ወዲያው ቆሞ ሞተር ማጥፋት ነው። ሁለቱን የካምቢዮ አፎች በአንድ ጎማ አገናኝቶ ራዲያተሩን መዝለል ቅርብ ወዳለ ጋራዥ በዝግታ ለመድረስ ብቻ ይሆናል። በጅማ ግን ይህ ቋሚ ጥገና ሆኖ የምናየው መኪና አለ፤ ያለ ማቀዝቀዣ የሚሠራ ዘይት ይቃጠላል፣ ካምቢዮውም ይከተላል። አፎቹን መድፈን ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ ማለስለሻውን ጨርሶ ያቋርጣል። መኪናው ከተጎተተ ጉልበት የሚያገኙት ጎማዎች ከመሬት ይነሱ። ሞተር ሲጠፋ ፓምፑም ይቆማል፤ ካምቢዮው ሳይለሰልስ እየዞረ ብዙ ኪሎ ሜትር ከተጎተተ ይጎዳል።

ከውጭ ምንም ሳይፈስ ዘይት የሚጎድልበት ጊዜም አለ። ያኔ የራዲያተሩ ክዳን፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ፣ ተከፍቶ ይታይ። ውኃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ፣ ወይም የካምቢዮው መለኪያ ሮዝ ወተት የመሰለ ነገር ይዞ ከወጣ፣ ውስጠኛው ማቀዝቀዣ ተበስቷል። ሞተሩ ከዚያ በኋላ አይነሳ። ውኃና ፀረ ፍሪዝ የፍሪሲዮኖቹን ልባስ ከማጣበቂያው ያላቅቁታል። ለማረጋገጥ ሁለቱ ቱቦዎች ይፈታሉ፣ አንደኛው የራዲያተር አፍ ይደፈናል፣ በሌላው ከ2 ባር ያልበለጠ አየር ይሰጣል፤ ራዲያተሩ በውኃ ተሞልቶ ክዳኑ ክፍት ይሆናል። አረፋ ከወጣ ራዲያተሩ ይቀየራል፤ ካምቢዮውም ንጹሕ ዘይት እስኪወጣ በተደጋጋሚ ይታጠባል። ይህን ችግር የሚያፋጥነው ራዲያተርን በቧንቧ ውኃ ብቻ መሙላት ነው። ዝገቱ ማቀዝቀዣውን ከውጭ ይበላዋል። ከዚህም ሌላ በጅማ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ክዳኑ ግፊት የማይዝ ራዲያተር እዚህ ቶሎ ይፈላል፤ የካምቢዮውንም ዘይት ማቀዝቀዝ ያቅተዋል።

ዘይት አሞላል ላይ ባጭሩ። ዓይነቱ በመለኪያው ዘንግ ወይም በመኪናው መመሪያ ላይ ተጽፏል፤ ለአሮጌዎቹ ዴክስሮን 2 ወይም 3፣ ለሌሎች ቶዮታ ታይፕ ቲ 4፣ ለኋለኞቹ ደብሊው ኤስ ሊሆን ይችላል። ሲቪቲ (በማርሽ ፈንታ በቀበቶ የሚሠራ) ካምቢዮ የራሱን ዘይት እንጂ ሌላ አይቀበልም። የወጣው ያህል ይጨመራል፣ ከዚያ በግማሽ ሊትር በግማሽ ሊትር። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ የእግር ፍሬን ተረግጦ፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ፣ ማርሹ በየቦታው ጥቂት ሰከንድ እየቆየ ከፒ ወደ ታች ወርዶ ይመለሳል። ልኬቱ በአብዛኞቹ የቶዮታ መኪኖች ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ፣ ማርሹ ፒ ላይ ሆኖ ነው። ቀዝቃዛ ዘይት በቀዝቃዛው ምልክት፣ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ በሙቁ ምልክት ይነበባል። አብዝቶ መሙላትም ጉዳት ነው፤ የሚዞሩት ክፍሎች ዘይቱን ይመቱትና አረፋ ያደርጉታል። ከሳምንት በኋላ መኪናው ተመልሶ ክላምፖቹና ዳዶዎቹ ይታዩ።

ከዚህ ተነስተን የምንጠይቀው አለ። መለዋወጫ ሻጮች የውኃውን፣ የነዳጁንና የካምቢዮውን ቱቦ ለይተው ያስቀምጡ፤ በሜትር ቆርጠው ሲሸጡም ለምን እንደሚገዛ ይጠይቁ። ጋራዦች የተጠቀሙትን የዘይትና የቱቦ ዓይነት ደረሰኙ ላይ ይጻፉ፤ ቀጣዩ ባለሙያ እንዲያውቅ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ተማሪው ሳይመረቅ በፊት በገዛ እጁ ቱቦ ቆርጦ፣ ፈልሮ፣ በግፊት እንዲፈትሽ ያድርጉ። የወጣው ዘይት ወደ አዌቱ ወንዝና ወደ ቦዮች መደፋቱ ይቁም፤ ከተማው ለጋራዦች የጋራ ማጠራቀሚያ ቦታ ያዘጋጅ። ለዓመታዊ ቦሎ የሚመረምሩ ተቋማትም መኪናው ሥር ገብተው እነዚህን ሁለት ቱቦዎች ከራዲያተር እስከ ካምቢዮ ይመልከቱ፤ የላላ ክላምፕ፣ የጠፋ መያዣ፣ በሽቦ የታሰረ ቱቦ ሲያገኙም ለባለቤቱ በጽሑፍ ያሳውቁት።

ከአክብሮት ጋር
በጅማ ከተማ የመኪና ጥገና ባለሙያዎች